ዘጠኝ ጨዋታ፣ ዘጠኝ ድል፣ ጥሪ የለም

በ1951 መገባደጃ የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ዘጠኝ ጊዜ ተጫውተው ዘጠኙንም አሸነፉ። ከዚያ ቤታቸው ተቀመጡ። ለአዲስ ዓመቱ ግጥሚያ የጠራቸው የለም። ዓመቱ ሳይወጣ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ቡድኑን አፈረሰው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ያ ወቅት በኛ 1944 መጀመሪያ ላይ ይውላል።

የማወራው ስለ ኳስ ነው፤ የኛን እግር ኳስ ግን አይደለም። ዕንቁላል የመሰለችውን ኳስ በእጅ ይዘው፣ ራስ ቁር ደፍተው የሚላተሙበትን የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ነው። በእጅ የያዙትን ለምን "የእግር ኳስ" እንዳሉት እነሱ ይወቁት። ከየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ኳሱን ይዞ የተጋጣሚውን የመጨረሻ መስመር ያለፈ ታችዳውን አስቆጠረ ይባላል፤ 6 ነጥብ ያገኛል። ርቀቱን በያርድ ይለኩታል፤ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል። ለዛሬው ወሬ ይህ ይበቃናል።

ይልቅ ማወቅ የሚያስፈልገው ስለ "ቦውል" ነው። የቦውል ግጥሚያ ያኔ ማጣሪያም ጥሎ ማለፍም አልነበረውም። የአንድ ከተማ ነጋዴዎችና ባለ ሆቴሎች ኮሚቴ ያቋቁማሉ። ሰሜኑ በረዶ ሲወርድበት እነሱ በሞቃቱ ከተማቸው ለአዲስ ዓመት ሁለት የኮሌጅ ቡድን ጠርተው ያጋጥማሉ። እንግዳ ይጎርፋል፣ አልጋ ይያዛል፣ ገንዘብ ይገባል። ማን ይጠራ የሚለውን የሚወስነው ኮሚቴው ነው። ልክ እንደ ሰርግ ጥሪ ነው። ያልተጠራ ሰው "ለምን ቀረሁ?" ብሎ የሚከስበት ችሎት የለም።

ከትልልቆቹ አንዱ፣ ሮዝ ቦውል፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነበር። እሱ ግን ከ1947 ጀምሮ በውል ለሁለት የኮሌጅ ቡድኖች ማኅበራት ብቻ የተያዘ ነበር፤ የነስታንፎርድ ማኅበር ከአንድ ወገን፣ የመካከለኛው ምዕራብ ትልልቆቹ ከሌላው። የማንም ማኅበር አባል ላልሆነው ለሳን ፍራንሲስኮ ያ በር ዝግ ነው። የቀሩት ታላላቆች ደቡብ ናቸው። ኦሬንጅ ቦውል ማያሚ፣ ሹገር ቦውል ኒው ኦርሊንስ፣ ጌተር ቦውል ጃክሰንቪል፣ ኮተን ቦውል ዳላስ። ያኔ ደቡብ ማለት ደግሞ ትምህርት ቤቱም፣ አውቶቡሱም፣ የውሃ መጠጫውም ሳይቀር በቀለም የተከፈለበት አገር ነው።

የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ውስጥ ሁለት ጥቁር ተጫዋቾች ነበሩ።

አንደኛው ኦሊ ማትሰን ነው። ቴክሳስ ተወልዶ ሳን ፍራንሲስኮ ያደገ ሯጭ። ሁለተኛው በርል ቶለር፣ ከሜምፊስ የመጣ ተከላካይ። የተገናኙት እዚያው ከተማ በሚገኘው የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው። በ1948 ከዚያ ኮሌጅ ጋር አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ ዓመቱን ጨርሰው አብረው ወደ ዩኒቨርሲቲው ተሻገሩ።

ዩኒቨርሲቲው የኢየሱሳውያን ነው። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን ሲመሩ የነበሩት ካናዳውያን የካቶሊክ አባቶች ማኅበር ማለት ነው። ትንሽ ትምህርት ቤት ነበር። ቡድኑ "ዶንስ" ይባላል። አሰልጣኙ ጆ ኩሃሪች፣ ጠንካራ ሰው። ወቅቱ ሳይጀመር ልጆቹን ኮርኒንግ ወደምትባል የሰሜን ካሊፎርኒያ ትንሽ ከተማ ወስዶ በዚያ ቃጠሎ ውስጥ እስኪዝለፈለፉ አሠራቸው። አብረው የተቃጠሉ ሰዎች ይቀራረባሉ። በኋላ የሆነውን ሳስበው ያ ካምፕ ሁሌ ትዝ ይለኛል።

የተጫዋቾቹ ስብጥር ራሱ ሌላ ታሪክ ነው። ጂኖ ማርኬቲ የጣሊያን ስደተኞች ልጅ ነው። ገና በ18 ዓመቱ ጦር ሠራዊት ገብቶ አውሮፓ ዘምቷል፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በቤልጂየም በረዶ ውስጥ ከተደረገው ትልቅ ውጊያ ተርፎ የተመለሰ ሰው ነው። ቦብ ሴንት ክሌር ደግሞ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከስድስት ሳንቲሜትር ነበር። ጥሬ ሥጋ ይበላል። ጓደኞቹ ይህን ሲያዩ ይሰቀጥጣቸው ነበር አሉ። እኛ ጋ ቢመጣ ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ቢላና አዋዜ ያቀብሉት ነበር እንጂ።

አንድ ሰው ልጨምር። የቡድኑን ዜና ለጋዜጦች የሚያሰራጨው ፒት ሮዜል የሚባል የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ሥራው ማትሰንን ማሳወቅ ነው። ይጽፋል፣ ይደውላል፣ ጋዜጠኛ ይጋብዛል። ይህን ስም ያዙልኝ።

ወቅቱ ሲጀመር ሳን ሆዜ ስቴትን 39 ለ 2 አሸነፉ። አይዳሆን 28 ለ 7። የባሕር ኃይል እግረኞችን ቡድን 26 ለ 0። ሳን ሆዜን ዳግም አግኝተው 42 ለ 7። እስከዚህ ድረስ ከካሊፎርኒያ ውጭ ብዙም ያያቸው የለም።

ኦክቶበር ላይ አገር አቋርጠው ኒው ዮርክ ሄዱ። ተጋጣሚያቸው ፎርድሃም፣ እሱም የኢየሱሳውያን ነው። ትልልቆቹ የስፖርት ጸሐፊዎች ያሉት እዚያ ስለሆነ ሮዜል ይህን ቀን ሲጠብቅ ከርሟል። ማትሰንም አላሳፈረውም። ተጋጣሚ የመታውን የመክፈቻ ኳስ ተቀብሎ 94 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። በኋላም አንድ ሌላ ምት ተቀብሎ 90 ያርድ ሮጠ። እንዲህ ያለ ሩጫ አንድ ተጫዋች በዕድሜ ልኩ አንዴ ቢያደርገው ይወራለታል። እሱ በአንድ ከሰዓት ሁለት ጊዜ አደረገው። ያም ሆኖ ጨዋታው ቀላል አልነበረም፤ ያለቀው 32 ለ 26 ነው። ከዘጠኙ እጅግ የቀረበው ይህ ነው።

በዚያው ወር ኦክላሆማ ውስጥ ሌላ ነገር ተከሰተ። የድሬክ ዩኒቨርሲቲ ኮከብ፣ ጆኒ ብራይት የሚባል ጥቁር ተጫዋች፣ ኳሱ እሱ ዘንድ በሌለበት በተጋጣሚ ተመቶ መንጋጋው ተሰበረ። ፎቶ አንሺዎች ቅደም ተከተሉን ቀርጸውት ስለነበር አገሩ ሁሉ አየው። ሥዕሎቹ በተከታዩ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኙ። ድሬክ አባል የሆነበትን የኮሌጆች ማኅበር ጥሎ ወጣ። የሳን ፍራንሲስኮ ልጆች የሚጫወቱበት አገር ያኔ ይህ ነበር።

ከኒው ዮርክ መልስ የሳን ዲዬጎን የባሕር ኃይል ቡድን 26 ለ 7፣ ጎረቤታቸውን ሳንታ ክላራን በዚያው ውጤት ረቱ። ከዚያ ስቶክተን ላይ ኮሌጅ ኦፍ ዘ ፓሲፊክን 47 ለ 14። ፓሲፊክ ያን ዓመት በደንብ የሚፈራ ቡድን ነበርና የአካባቢው ሰው ይህን ውጤት ማመን ተስኖት ነበር። የመጨረሻው ሎዮላ ነው፤ ደቡብ ካሊፎርኒያ ወርደው 20 ለ 2።

ሲደማመር በአማካይ በጨዋታ ወደ 32 ነጥብ አስቆጥረው 8 ብቻ ተቆጠረባቸው። ማትሰን ብቻውን 1,566 ያርድ ሮጠ፤ 21 ታችዳውን፣ 126 ነጥብ። በሩጫውም በነጥቡም ከአገሩ አንደኛ ነው።

ከዚያ መጠበቅ መጣ።

ተጫዋቾቹ ለአሥርት ዓመታት የተናገሩት እንዲህ ነው። ከደቡብ ቦውሎች ዘንድ በአሰልጣኙ በኩል ወሬ መጣ። ልትጠሩ ትችላላችሁ፤ ማትሰንና ቶለር ግን ቤታቸው ይቅሩ። አንዳንዱ ቦውሉ ኦሬንጅ ነው ይላል፣ ሌላው ጌተር ነው ይላል። መልሳቸው ላይ ግን ሁሉም አንድ ናቸው። አንሄድም። ስብሰባ አልተጠራም፣ እጅ ይውጣ አልተባለም። ማርኬቲም ሆነ ሴንት ክሌር ሲያረጁ ስለዚህ ሲጠየቁ፣ ነገሩ መከራከሪያ ሆኖ እንዳልታያቸው ነው የሚመልሱት።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። "ጥቁር አንፈልግም" የሚል ደብዳቤ ማንም አልጻፈም። ለምን ይጻፍ? ዝም ማለት ይበቃል። ለአደባባይ የተነገረው ምክንያት ሌላ ነው፤ የገጠሟቸው ቡድኖች ደካሞች ናቸው ተባለ። ይህ ምክንያት እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ ይነሳል። ስለዚህ ዝም ብሎ ከመናቅ መመርመር ይሻላል።

ሐቁን እንናገር፤ ምክንያቱ ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ሁለቱ ተጋጣሚዎች የወታደር ቡድኖች ነበሩ። ሳን ሆዜን ሁለት ጊዜ ነው የገጠሙት። ስታንፎርድም ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም በዚያ ዓመት መርሐ ግብራቸው ውስጥ የሉም። የአሶሺየትድ ፕሬስ ደረጃ ሰንጠረዥም ላይ 14ኛ ነበሩ። አንድ የማያሚ ኮሚቴ አባል ይህን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ "ከዚህ የተሻለ አለኝ" ቢል ውሸታም ነህ ማለት ያስቸግራል። ጆርጂያ ቴክንና ቤይለርን ጠራ፤ ሁለቱም ጎበዞች ነበሩ።

ግን ሁለት ዓመት ወደ ኋላ እንሂድ። ጃንዋሪ 1950፣ እዚያው ማያሚ፣ እዚያው ኦሬንጅ ቦውል። የተጠራው ማን ነበር? ሳንታ ክላራ። ከሳን ፍራንሲስኮ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ያለ፣ ትንሽ፣ የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት። ያውም በዓመቱ ሽንፈት የቀመሰ። ሄዶ ኬንታኪን 21 ለ 13 አሸንፎ ተመለሰ። ስለዚህ ትንሽነት አላስቀረም። ርቀት አላስቀረም። የካሊፎርኒያ ካቶሊክ መሆንም አላስቀረም።

ሌላም አለ። ያ በሳን ፍራንሲስኮ 47 ለ 14 የተቀጠቀጠው ፓሲፊክ በዚያው ወቅት መጨረሻ ሰን ቦውል ተጠርቷል። ኤል ፓሶ ወርዶ በቴክሳስ ቴክ 25 ለ 14 ተሸነፈ። እንግዲህ አሸናፊው ቤቱ ተቀምጦ ተሸናፊው ተጠርቷል ማለት ነው። እኔ ይህን ሳይ "የተጋጣሚዎች ድክመት" የሚለው ነገር አይዋጥልኝም። ምክንያት ሳይሆን ሰበብ ይመስለኛል።

"የዘመኑ ደንብ ነበር፣ ምን ያድርጉ" የሚልም አይጠፋም። ደንቡን መጣስ ይቻል እንደነበር ግን ዳላስ አሳይታለች። በ1948 ኮተን ቦውል ላይ ፔን ስቴት ሁለት ጥቁር ተጫዋቾቹን፣ ዋላስ ትሪፕሌትንና ዴኒ ሆጋርድን፣ ይዞ ከአካባቢው ቡድን ጋር ተጫወተ። 13 እኩል ወጡ። ሰማይ አልተደፋም። የ1951ዎቹ ኮሚቴዎች ይህን እያወቁ ነው የመረጡት።

ደግሞ ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ1956 መጀመሪያ ቦቢ ግሪየር የሚባል ጥቁር ተጫዋች ከፒትስበርግ ጋር ሹገር ቦውል ሊጫወት ሲሄድ የጆርጂያው ገዥ የራሱ ክልል ቡድን እንዳይገጥም ለማገድ ሞከረ። ግሪየር ተጫወተ። በዚያው ዓመት ኒው ኦርሊንስ ያለችበት የሉዊዚያና ምክር ቤት ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይጫወቱ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ቀድሞ በሹክሹክታ የነበረው በወረቀት ሰፈረ።

ወደ ሳን ፍራንሲስኮ እንመለስ። በዲሴምበር መጨረሻ ዩኒቨርሲቲው ፉትቦልን ማቆሙን ተናገረ። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ይህ ቡድን እያሸነፈም ይከስር ነበር። የሚጫወተው ኬዛር በተባለው የከተማው ስታዲየም ነው፤ ወደ 60,000 ሰው ይይዛል። እዚያው ሜዳ ላይ ደግሞ ከ1946 ጀምሮ ፎርቲናይነርስ የተባለው የባለሙያዎች ቡድን አለ። ማዶ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ታች ስታንፎርድ። ተመልካቹ ተከፋፈለ።

ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ "የቦውሉን ገንዘብ ቢያገኙ ኖሮ ይተርፉ ነበር" ተብሎ ይደመደማል። ሲሰማ ያምራል። እኔ እጠራጠራለሁ። ሌላው የአካባቢው ካቶሊክ ኮሌጅ፣ ሴንት ሜሪስ፣ ከ1950 ወቅት በኋላ አቁሟል። ሎዮላ ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር በአንድ ዓመት ዘጋ። ሳንታ ክላራ፣ ያ ኦሬንጅ ቦውል ያሸነፈው፣ በ1952 ተከተለ። አንድ የማያሚ ቼክ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይገዛ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚያስኬድ አይመስለኝም። ይህን የምለው የልጆቹን ውሳኔ ለማሳነስ አይደለም። እነሱ ይህን ሒሳብ በእጃቸው አልያዙም። ትምህርት ቤታቸው ገንዘብ እንዳጠረው ያውቃሉ፤ ጥሪው ገንዘብ እንደሚያመጣም ያውቃሉ። ያንን እያወቁ ነው አንሄድም ያሉት።

ቡድኑ ሲፈርስ ኩሃሪች ወደ ባለሙያዎቹ ቡድን ወደ ቺካጎ ካርዲናልስ አሰልጣኝነት ሄደ። ማትሰንን ደግሞ ካርዲናልስ የባለሙያ ቡድኖች ተራ በተራ አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት የዓመቱ ምርጫ በሦስተኛ ደረጃ ወሰደው። ከመሄዱ በፊት ግን ሄልሲንኪ ደረሰ፤ በ1952 ኦሎምፒክ በ400 ሜትር ነሐስ፣ በ4 በ400 ዱላ ቅብብል ብር አገኘ። ማርኬቲ ወደ ባልቲሞር ዘልቆ በዘመኑ ከነበሩት ተከላካዮች ሁሉ የሚፈራው ሆነ። በኋላ በስሙ የሃምበርገር ቤቶች ከፈተ። የመጀመሪያ ዲግሪውን ያልጨረሰው ሴንት ክሌር ግን የሚጫወትበት ቡድን አጣ፤ ለአንድ ዓመት ኦክላሆማ፣ ቱልሳ መሄድ ነበረበት። ከዚያ ፎርቲናይነርስ ገብቶ ወደ ኬዛር ተመለሰ። እየተጫወተም የዴሊ ሲቲ ከንቲባ ሆነ። ማትሰን፣ ማርኬቲና ሴንት ክሌር ሦስቱም የባለሙያዎች ፉትቦል የክብር አዳራሽ ገብተዋል። ከአንድ የኮሌጅ ቡድን፣ በአንድ ወቅት፣ ሦስት ሰው!

ስሙን ያዙልኝ ያልኳችሁ ልጅስ? ፒት ሮዜል በ1959 የሎስ አንጀለስ ራምስ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ማትሰንን አስመጣ፤ አንዱን በዘጠኝ ሰው የለወጠበት ዝውውር እስካሁን ይወራል። በተከታዩ ዓመት የብሔራዊው ፉትቦል ሊግ የበላይ ኮሚሽነር ሆነ። እስከ 1989 ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሣም።

ቶለር ዕድሉ ሌላ ነበር። በ1952 የበጋ ግጥሚያ ላይ ጉልበቱ ተጎዳ። አንድም ቀን በባለሙያ ደረጃ ሳይጫወት አበቃለት። መምህር ሆነ። ቆይቶም ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። በ1965 ደግሞ ያቺን ነጭና ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ በሮዜል ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆኖ። በ1980 የሊጉ ፍጻሜ በሆነው ሱፐር ቦውል ላይ ዳኝቷል። በቦውል ያልተጠራው ሰው ማለት ነው።

ዩኒቨርሲቲውም ከፉትቦሉ ወዲያ ፊቱን ወደ ቅርጫት ኳስ አዞረ። ቢል ራስልና ኬ ሲ ጆንስ የሚባሉ ሁለት ጥቁር ወጣቶችን ይዞ በ1955 እና በ1956 የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ። በ2006 በሕይወት ለነበሩት የ1951 ተጫዋቾች የክብር ዶክትሬት ሰጠ። ቶለር ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ማትሰን በ2011 አረፉ።

በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ አንድ የተማሪዎች መኖሪያ ሕንፃ አለ። ለብዙ ዓመታት ስሙ ፌላን ነበር፤ በአንድ ወቅት የከተማው ከንቲባ፣ በኋላም ሴናተር በነበረው በጄምስ ፌላን ስም። ፌላን በ1920 ለምርጫ ሲወዳደር መፈክሩ "ካሊፎርኒያ ነጭ ሆና ትቆይ" የሚል ነበር። እንግዲህ ማያሚ ብቻ አልነበረችም። ተማሪዎቹ ስሙ ይነሣልን ብለው ጠየቁ። በ2017 ተነሣ። አሁን በሩ ላይ የተጻፈው "ቶለር" ይላል።